በውጭ አገር ለመሥራት የሚዘጋጁ ሐኪሞች ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ፈተና ወድቆ የሚቀር ሐኪም አለ። ከዚያ የሚብሰው ግን ፈተናውን ሁሉ አልፎ በወረቀት የሚያዘው ነው። አንዱ ሰነድ ሲመጣ የሌላው ጊዜ አልፎበታል፤ እንደገና ይከፈላል፣ እንደገና ይፈተናል። አብዛኛው ጥፋት የሚመጣው ከዕውቀት ማነስ ሳይሆን ከቅደም ተከተል መዛባት ነው።

አገር ሳይመርጡ ማጥናት

«የውጭ ፈተና» የሚባል አንድ ፈተና የለም። አሜሪካ ዩኤስኤምኤልኢ፣ እንግሊዝ ፕላብ የሚባል የሐኪሞች የፈቃድ ፈተና ይጠይቃሉ። አሜሪካ የሚሄድ ስፔሻሊስት በአብዛኛው ሬዚደንሲን (በሆስፒታል የሚሰጠውን የስፔሻሊቲ ሥልጠና) ከመጀመሪያው ይጀምራል። ማመልከቻው በሴፕቴምበር ይገባል፣ ምደባው በማርች ይታወቃል፣ ሥራው ጁላይ ላይ ይጀምራል፤ ወቅቱ ያመለጠው ዓመት ይጠብቃል። በእንግሊዝ ደግሞ ፕላብ የሚያስገኘው ምዝገባን እንጂ ሥራን አይደለም። ቦታውን ተወዳድሮ ማግኘት ሌላ ጉዳይ ነው።

የሚያበቃ ጊዜ ያላቸውን ነገሮች አለመቁጠር

የቋንቋ ፈተና ውጤት በአብዛኛው የሚያገለግለው 2 ዓመት ነው። የእንግሊዙ የሐኪሞች ምክር ቤት አካዳሚክ አይኢኤልቲኤስ በሚባለው የእንግሊዝኛ ፈተና አማካይ 7.5 ይፈልጋል፤ በተጨማሪም በአራቱም ክፍሎች ከ7.0 ማነስ አይቻልም። ንባብ 8.5 አግኝቶ ጽሑፍ 6.5 የመጣለት ሰው አማካዩ የቱንም ያህል ቢያምር አላለፈም። ብዙ ሰው የሚወድቀው በጽሑፍ ስለሆነ ልምምዱን ከዚያ መጀመር ይሻላል። የጽሑፍ ፈተናውን ፕላብ 1ን ያለፈ ደግሞ የተግባር ፈተናውን ፕላብ 2ን በ2 ዓመት ውስጥ ማለፍ አለበት። በአሜሪካ በኩል ስቴፕ 1ና ስቴፕ 2 ሲኬ የሚባሉት የዩኤስኤምኤልኢ ክፍሎች በ7 ዓመት ውስጥ መታለፍ ይኖርባቸዋል፤ ለእያንዳንዱ ስቴፕ የሚፈቀደው ሙከራም 4 ነው።

ጉድ ስታንዲንግ የሚባለው የመልካም ሥነ ምግባር ማረጋገጫ በተለይ ያሳስታል። ቀላል ስለሆነ ቀድሞ ወጥቶ መሳቢያ ውስጥ ይቀመጣል። ዕድሜው ግን ብዙ ጊዜ 3 ወር ነው፤ አብዛኞቹ ፈቃድ ሰጪዎችም ከሰጪው መሥሪያ ቤት በቀጥታ እንዲላክላቸው ይፈልጋሉ። ይህ ሰነድ መጨረሻ ላይ ይጠየቅ።

የስም ፊደልን ችላ ማለት

በሌላ ፊደል የተጻፈ ስም ወደ ላቲን ሲገለበጥ ዲፕሎማው ላይ በአንድ «ኤስ»፣ ፓስፖርቱ ላይ በሁለት ሊጻፍ ይችላል። ለሰው ትንሽ ነገር ነው፤ ለሰነድ አጣሪ ግን ሁለት ሰዎች ናቸው። የማጣራቱ ሥራ ሐኪሙ ያቀረበውን ቅጂ ወደ ሕክምና ትምህርት ቤቱ ልኮ «ይህ ከእናንተ ነው ወይ?» ብሎ መጠየቅ ነው። መልሱ ከትምህርት ቤቱ በቀጥታ ካልመጣ በእጅ ይዞ የሚቀርብ ማኅተም አይተካውም። ስለዚህ ገንዘብ ከመክፈል በፊት ሬጅስትራር ቢሮ ደውለው ጥያቄውን የሚመልሰው ማን እንደሆነ፣ በየትኛው ኢሜይል እንደሚደርሰው፣ መዝገቡ ላይ ስሙ እንዴት እንደተጻፈ ያረጋግጡ። መልስ ሰጪው ሰው ሥራ ከለቀቀ ወራት ይነጉዳሉ።

የተግባር ፈተናን በዕውቀት ብቻ ለማለፍ መሞከር

ፕላብ 2 እያንዳንዳቸው 8 ደቂቃ የሚወስዱ 16 ጣቢያዎች አሉት፤ በአብዛኞቹ ታማሚ መስሎ የሚቀርብ ሰው ይጠብቃል። ጎበዝ የሚባሉ ሐኪሞች እዚህ ይሰናከላሉ። ደረቱን ያመመው ሰው ተቀምጧል እንበል። ሐኪሙ ሃያ ጥያቄ በሩጫ ያወርዳል፣ ምርመራውን በትክክል ያዝዛል፣ ይወጣል። ሰውየው አባቱ በልብ ድካም እንደሞቱና እሱም እንዳይሞት እንደፈራ ሳይናገር ቀረ፤ ማንም አልጠየቀውማ! «እርስዎ ራስዎ ምን ይሆናል ብለው ሠጉ?» የምትለው አንዲት ጥያቄ ነጥብ አላት፤ የበሽተኛውን ንግግር ሳያቋርጡ ማዳመጥም እንዲሁ።

ሌላው ወጥመድ ምስጢር ነው። በብዙ አገር ክፉ ዜና ለቤተሰብ አስቀድሞ ይነገራል። በእንግሊዝ ግን ታማሚው ባል ሳይፈቅድ ውጤቱን ለሚስቱ መንገር በፈተናም በሥራም ጥፋት ነው።

የመለኪያና የመድኃኒት ስም ልዩነትን መናቅ

አንዱ አገር የደም ስኳርን በሚሊግራም በዴሲሊትር፣ ሌላው በሚሊሞል በሊትር ይጽፋል፤ ሚሊሞሉን ወደ ሚሊግራም የሚቀይረው ማባዣ 18 ነው። በመጀመሪያው የለመደ ሐኪም «15» ሲያይ ታማሚው ስኳር አንሶት ራሱን ሊስት ነው ብሎ ግሉኮስ ሊያዝ ይችላል፤ እውነተኛው ቁጥር ግን 270 ነው። የኩላሊትን ሥራ የሚያሳየው ክሪያቲኒንም እንደዚያው ነው፤ በአንዱ አገር 1 የሆነው በሌላው 88 ተብሎ ይጻፋል። ፓራሲታሞል አሜሪካ ውስጥ አሴታሚኖፌን፣ ሳልቡታሞል አልቡቴሮል፣ አድሬናሊን ኤፒኔፍሪን ይባላሉ። ይህን ያላወቀ ሰው አንዱን መድኃኒት በሁለት ስም ደርቦ ያዛል፤ ፓራሲታሞል ሲደረብ ጉበት ይጎዳል።

ጀርመንን በቢ2 ብቻ ማሰብ

የፈቃድ ሰጪው አካል እንደየግዛቱ ይለያያል። ቢ2 ከሚባለው የጀርመንኛ ደረጃ በላይ፣ ከፍ ባለው በሲ1 ደረጃ የሚሰጥ የሕክምና ቋንቋ ፈተና አለ። በጠቅላላው 60 ደቂቃ ነው፦ 20 ከታማሚ ጋር፣ 20 የታማሚውን ታሪክ በጽሑፍ ማጠናቀር፣ 20 ደግሞ ለሌላ ሐኪም ማስረዳት። ጊዜያዊው የሥራ ፈቃድ በአብዛኛው ከ2 ዓመት አይዘልም፤ እስከዚያ ሙሉው ፈቃድ መጠናቀቅ አለበት።

ከመፈረም በፊት አለመጠየቅ

በጎብኚ ቪዛ የሚደረግ የሆስፒታል ጉብኝት መመልከት ብቻ ነው፤ ታማሚ መንካት አይፈቀድም። ውል ሲመጣ ደግሞ የቸልተኝነት ክስ ቢነሳ ማን እንደሚከፍል ይጠይቁ። በእንግሊዝ የመንግሥት ሆስፒታል ሽፋን የካሳ ክስን ይይዛል፤ በፈቃድ ሰጪው ምክር ቤት ፊት ለሚነሳ የሥነ ምግባር ምርመራ ግን ጠበቃ አያቆምም። ለዚያ የግል የሙያ መከላከያ አባልነት ሥራ ከመጀመሩ በፊት መገባት አለበት።