ቤተሰቡ የታመመበትን ወዳጅ እንዴት እንጠይቅ?

የጅማ ዩኒቨርሲቲ ሕክምና ማዕከል ከቦንጋ፣ ከሚዛን፣ ከበደሌና ከሌሎች ሩቅ አካባቢዎች የሚመጡ ሕሙማንንም ስለሚያስተናግድ፣ አስታማሚው ወዳጅዎ ከቤቱ ርቆ በእንቅልፍ እጦት እየተንገላታ ሊሆን እንደሚችል አስቀድመው ያስቡ።

ሲገናኙ ንግግር አያብዙ፤ ለክርስቲያኑ «እግዚአብሔር ይማርልህ»፣ ለሙስሊሙ «አላህ ያሽርልህ» ብሎ አጠገቡ መቀመጥ ይበቃል። መናገር ከፈለገ ያዳምጡት። «የእኔም አጎት በዚሁ በሽታ ነው ያረፈው» የሚለው ወሬ ግን፣ በየዋህነት የሚነገር ቢሆንም፣ የተጨነቀን ልብ እጅግ ስለሚጎዳ እባክዎ ይተዉት።

«የሚያስፈልግህ ነገር ካለ ንገረኝ» ማለት ሸክሙን መልሶ ለእርሱ መስጠት ስለሆነ፣ «ዛሬ ማታ እኔ አድራለሁ፤ አንተ ሄደህ ተኛ» ብለው ቁርጥ ያለ እርዳታ ያቅርቡ። አጥሚት በፔርሙዝ ከመውሰድዎ በፊት ሐኪሙ ለሕመምተኛው ምን እንደፈቀደ ይጠይቁ፤ ለአስታማሚውም ምሳ ይቋጥሩለት፤ የእርሱን ረሃብ የሚያስታውስ ጥቂት ሰው ነውና።

የጥየቃ ሰዓትን ያክብሩ፤ ጉንፋን ከያዘዎት በስልክ ይጠይቁ። ሕመምተኛው ወደ ቤቱ ከተመለሰ በኋላ ጠያቂው እየቀነሰ ስለሚሄድ፣ ከሁለትና ከሦስት ሳምንት በኋላም ብቅ ይበሉ።