ለአሮጌ ፍሎፒ ድራይቭ የትራክ ቁጥር ማሳያ እንዴት ይገጠማል?

ጎንደር ውስጥ ዕድሜ ጠገብ መሥሪያ ቤት ወይም የጽሕፈት አገልግሎት ቤት ገብቶ መሳቢያ የከፈተ ሰው ፍሎፒ ዲስክ ማግኘቱ አይቀርም። የእድር መዝገቡ፣ የማኅበሩ ደብዳቤ፣ የመመረቂያ ጽሑፉ ሁሉ እዚያች ካሬ ፕላስቲክ ውስጥ ተኝቷል። ጣጣው የሚጀምረው ለማንበብ ሲሞከር ነው። ዲስኩ የሚከተትበት ማንበቢያ ማለትም ድራይቩ ይንገጫገጫል፣ ዝም ይላል፣ እንደገና ይንገጫገጫል፤ በመጨረሻም ኮምፒውተሩ ማንበብ አልተቻለም ብሎ ያርፈዋል። የተበላሸው ዲስኩ ነው ወይስ ድራይቩ? ብዙ ሰው በግምት ይፈርድና ወይ ደህናውን ድራይቭ፣ ወይ ሊተርፍ የሚችለውን ዲስክ ይጥላል። የማንበቢያው ጭንቅላት የትኛው ቦታ ላይ እንደተሰናከለ በቁጥር የሚያሳይ ትንሽ ማሳያ ቢኖር ግምቱ ይቀር ነበር። ይህን ማሳያ ለመግጠም ድራይቩን መብሳትም ሆነ መበየድ አያስፈልግም።

መጀመሪያ አሠራሩን እንመልከት። ባለ1.44 ሜጋባይት የሆነው የ3.5 ኢንች ዲስክ በእያንዳንዱ ገጹ ላይ ትራክ የሚባሉ 80 ክብ መስመሮች አሉት። ቁጥራቸው ከዳር ከ0 ይጀምርና ወደ መሀል ሲገባ 79 ላይ ያበቃል። አንዱ ትራክ 18 ክፍል፣ አንዱ ክፍል 512 ባይት ይይዛል፤ የሁለቱ ገጾች ድምር 1,474,560 ባይት ይሆናል። ኮምፒውተሩ ጭንቅላቱን ሲያንቀሳቅስ ግን የትራክ ቁጥር አይጠራም። በአንድ ሽቦ አቅጣጫ ይሰጣል፤ በሌላው ሽቦ የኤሌክትሪክ ምት በላከ ቁጥር ጭንቅላቱ አንድ እርምጃ ይሄዳል። ጭንቅላቱ ዳር ሲደርስ ድራይቩ ዜሮ ላይ መሆኑን በሦስተኛ ሽቦ ያሳውቃል። እነዚህን ምቶች ከጎን ሆኖ የሚቆጥር ካለ ጭንቅላቱ የት እንዳለ ምንጊዜም ያውቃል። ቆጣሪያችን ማይክሮኮንትሮለር የሚባለው፣ ፕሮግራም የሚጫንበት ትንሽ ቺፕ ነው። ሹጋርት የተባለው ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1976 የመጀመሪያውን የ5.25 ኢንች ድራይቭ ካወጣ ወዲህ ይህ አነጋገር እምብዛም ስላልተለወጠ፣ ዘዴው ለትልቁም ለትንሹም ድራይቭ ይሠራል። በዩኤስቢ ለሚሰኩትና ለላፕቶፕ ለተሠሩት ስስ ድራይቮች ግን አይሆንም፤ የሚፈለገው 34 እግር ያለው መሰኪያ ነው።

የሚያስፈልጉት ዕቃዎች ጥቂት ናቸው፦ አርዱዪኖ ናኖ (ማይክሮኮንትሮለሩ ያለበት ትንሽ ሰሌዳ)፣ ቲኤም1637 በተባለ ቺፕ የሚሠራ ባለአራት አኃዝ ማሳያ፣ አምስት ባለ1 ኪሎ ኦም ሬዚስተሮች፣ ብሬድቦርድ (ያለ ብየዳ ሽቦ የሚሰካበት ሰሌዳ)፣ ጃምፐር ሽቦዎች፣ ቴስተርና ናስትሮ። ኬብሉንና ድራይቩን የፒያሳ ጥገና ቤቶች ካስቀመጧቸው አሮጌ ኮምፒውተሮች ማግኘት ይቻላል፤ ናኖውንና ማሳያውን ምናልባት ከአዲስ አበባ ማስላክ ይኖርባችኋል። በናኖ ፋንታ ኢኤስፒ32 ወይም ራስበሪ ፓይ ፒኮ የሚባሉትን ሌሎች የማይክሮኮንትሮለር ሰሌዳዎች ልጠቀም የሚል አይጠፋም። እነርሱ በ3.3 ቮልት የሚሠሩ ናቸው፤ የፍሎፒ ሽቦ ደግሞ 5 ቮልት ይሸከማል። ያለ ቮልት መቀነሻ በቀጥታ ቢገናኙ ሊቃጠሉ ስለሚችሉ ናኖው ይሻላል።

ሽቦውን ማገናኘት

የፍሎፒ ኬብል ብዙውን ጊዜ ለሁለት ድራይቭ የተሠራ ነው። አንዱ ጫፉ ኮምፒውተሩ ላይ፣ ሌላው ጫፉ ድራይቩ ላይ ይሰካል፤ መሀል ላይ ያለው መሰኪያ ባዶውን ይቀራል። እኛ የምንፈልገው ይህንን ባዶ መሰኪያ ነው። የጃምፐር ሽቦ ጫፍ ቀዳዳው ውስጥ ልክክ ብሎ ይገባል።

ኮምፒውተሩን ከሶኬት ንቀሉት። በኬብሉ አንድ ጠርዝ ላይ ያለው ቀይ መስመር የ1ኛውን እግር ወገን ያሳያል። መሰኪያው ሁለት ረድፍ አለው፤ ጎደሎ ቁጥሮቹ በአንድ ረድፍ፣ ሙሉ ቁጥሮቹ በሌላው ናቸው። ጎደሎዎቹ በሙሉ ግራውንድ ማለትም የዜሮ ቮልት መስመር ስለሆኑ የትኛው ረድፍ የትኛው እንደሆነ በቴስተር ይለያል፤ አንዱን ጫፍ የኮምፒውተሩ ሣጥን ብረት ላይ፣ ሌላውን ቀዳዳው ላይ አድርጉ። ቴስተሩ የሚጮህበት ረድፍ የግራውንዱ ነው። ሥራችን ከሌላው ረድፍ ጋር ነው።

ከቀዩ መስመር ወገን ጀምራችሁ በዚያ ረድፍ ቁጠሩ። 7ኛው ቀዳዳ እግር 14 ነው፤ ድራይቩ የተመረጠበትን ምልክት ይይዛል። 9ኛው እግር 18 አቅጣጫ፣ 10ኛው እግር 20 የእርምጃ ምት፣ 13ኛው እግር 26 የትራክ ዜሮ ምልክት፣ 16ኛው እግር 32 ደግሞ የዲስኩ ገጽ ምርጫ ነው። እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ በሉ። ከኬብሉ መካከለኛ መሰኪያ በኋላ ከ10 እስከ 16 ያሉት ሽቦዎች ተጠምዝዘው ይገለበጣሉ። ስለዚህ ጫፍ ላይ የተሰካው ድራይቭ መመረጡን በራሱ እግር 12 ሲያይ፣ ያው ምልክት መካከለኛው መሰኪያ ላይ በእግር 14 ይገኛል። ድራይቩ ጀርባ ላይ በቀጥታ ለመበየድ ከወሰናችሁ 12ን ያዙ።

እያንዳንዱን ሽቦ በሬዚስተር በኩል ወደ ናኖው እግሮች (ሰሌዳው ላይ D2፣ D3 እየተባሉ የተጻፉት) አምጡ፦ ምቱን ወደ ዲ2፣ አቅጣጫውን ወደ ዲ3፣ የመመረጥ ምልክቱን ወደ ዲ4፣ ትራክ ዜሮን ወደ ዲ5፣ ገጹን ወደ ዲ6። የማሳያው ሁለት የመረጃ ሽቦዎች ዲ8 እና ዲ9 ላይ ይሁኑ። ለናኖውና ለማሳያው 5 ቮልት የምትወስዱት ከኮምፒውተሩ ኃይል ማከፋፈያ ትርፍ መሰኪያ ነው፤ ቀዩ 5 ቮልት፣ ጥቁሩ ግራውንድ፣ ቢጫው 12 ቮልት። ቢጫው ወዲያና ወዲህ እንዳይነካ ጫፉን በናስትሮ ጠቅልሉት። ኃይሉ ከድራይቩ ጋር ከአንድ ምንጭ መምጣቱ ግድ ነው። ናኖው ጠፍቶ ድራይቩ ቢበራ፣ የጠፋው ናኖ በእግሮቹ በኩል ኤሌክትሪክ እየሳበ ምልክቱን ያዳክማል።

ፕሮግራሙ

የፕሮግራሙ ዋና ሕግ ማዳመጥ እንጂ አለመናገር ነው። ከዲ2 እስከ ዲ6 ያሉት እግሮች በሙሉ መግቢያ ይሁኑ፤ የውስጥ ፑልአፕ ሬዚስተራቸውንም (ምልክት በሌለ ጊዜ እግሩን ወደ 5 ቮልት የሚስበውን) አብሩ። አንዱን በስሕተት መውጫ ማድረግ በኮምፒውተሩና በድራይቩ ንግግር ጣልቃ መግባት ነው።

ሁሉም ምልክቶች ተገላቢጦሽ ናቸው፤ ወደ ዜሮ ቮልት መውረድ «አዎ» ማለት ነው። ዲ2 ላይ ኢንተራፕት (ምልክት ሲመጣ ዋናውን ሥራ አቋርጦ የሚሠራ የፕሮግራም ክፍል) አዘጋጁና ምቱ ከታች ወደ ላይ ሲመለስ እንዲነሣ አድርጉት፤ ድራይቩም የሚራመደው በዚያች ቅጽበት ነው። ኢንተራፕቱ ውስጥ መጀመሪያ ከዲ0 እስከ ዲ7 ያለውን በአንድ ንባብ ውሰዱ። ዲ4 ከፍ ብሎ ከሆነ የተጠራው ሌላ ድራይቭ ነውና ምንም ሳታደርጉ ውጡ። ዲ3 ዝቅ ካለ ጭንቅላቱ ወደ መሀል እየሄደ ነው፤ ቁጥሩ ላይ አንድ ደምሩ። ከፍ ካለ አንድ ቀንሱ፤ ከዜሮ በታች ግን አይውረድ። ሰዓቱን መዝግባችሁ ውጡ። ማሳያው ላይ መጻፍ ጊዜ ስለሚወስድ ኢንተራፕቱ ውስጥ አይግባ፤ በዋናው ዑደት ቁጥሩ ሲለወጥ ብቻ ይጻፍ።

ዋናው ዑደት ሌላም ሥራ አለው። ዲ4 እና ዲ5 ሁለቱም ዝቅ ብለው፣ ከመጨረሻው ምት 20 ሚሊሰከንድ ካለፈ ቁጥሩን ዜሮ ያደርጋል። ይህ ትንሽ ጥበቃ የቅንጦት አይደለም። ጭንቅላቱ ከዜሮ ተነሥቶ ወደ 1 ሲሄድ የዜሮው ምልክት ወዲያው አይጠፋም፤ ጥበቃው ከሌለ ገና የተቆጠረው 1 ይሰረዝና ከዚያ በኋላ ያለው ሁሉ በአንድ ይጎድላል። መብራት ሄዶ ሲመለስ ደግሞ ናኖው ጭንቅላቱ የት እንደቆመ አያውቅም፤ ስለዚህ ትራክ ዜሮን እስኪያይ ድረስ ማሳያው ላይ ሁለት ሰረዝ ይቁም። ያልታወቀን ቁጥር ዜሮ ብሎ ማሳየት ውሸት ነው።

መሞከር

የማትፈልጉትን ዲስክ ከታችና ፎርማት አድርጉት። ቁጥሩ ከ0 ተነሥቶ አንድ በአንድ እስከ 79 መውጣት አለበት። ሁለት ሁለት እየዘለለ ከወጣ ኢንተራፕቱ በምቱ ሁለቱም ጠርዝ እየተነሣ ነው። ሽቅብ መውጣት ሲገባው ዜሮ ላይ ከተገተረ አቅጣጫው ተገልብጧል። ጨርሶ ካልተነቃነቀ፣ ወይም ሌላ ድራይቭ ሲሠራ ከተነቃነቀ፣ 12ና 14 ተምታተዋል። በ5.25 ኢንች ባለ80 ትራክ ድራይቭ ባለ40 ትራክ ዲስክ ስታነቡ 0፣ 2፣ 4 እያለ ቢሄድ ግን ትክክል ነው፤ ለአንድ ትራክ ሁለቴ ይራመዳል።

ቁጥሩን ማንበብ

አሁን ያን ያረጀ ዲስክ አምጡ፤ ግን ዝም ብላችሁ አትክተቱት። የ3.5 ኢንች ዲስክ ጥግ ላይ ያለችውን ማንሸራተቻ ቀዳዳው እስኪከፈት ድረስ ግፏት፤ እንዳይጻፍበት ይቆለፋል። የብረቱን ሽፋን ገለጥ አድርጋችሁ በብርሃን እዩት። የጎንደር ክረምት እርጥበት በሣጥን ውስጥ ለከረመ ዲስክ ደግ አይደለም፤ ነጭ ነጭ የሻጋታ ነጠብጣብ ካለበት ጭንቅላቱን አቆሽሾ ቀጥሎ የሚገባውንም ዲስክ ይጎዳል።

የፋይሎቹ ዝርዝር የሚገኘው ትራክ 0 ላይ ነው። ዝርዝሩ መጥቶ ፋይሉ ካልተከፈተ ማሳያውን ተከታተሉ። ቁጥሩ ለምሳሌ 37 ላይ ቆሞ፣ ወደ 0 ተመልሶ፣ እንደገና 37 ላይ ከቆመ ኮምፒውተሩ ደጋግሞ እየሞከረ ነው። ሌላ ዲስክ ክተቱ። 37ን ያለ ችግር ካለፈ ጉዳቱ የመጀመሪያው ዲስክ ገጽ ላይ ነው፤ ከዚያ ትራክ ውጭ ያሉት ፋይሎች ሊተርፉ ይችላሉ። ሁሉም ዲስክ እዚያው አካባቢ ከተሰናከለ ጥፋቱ የድራይቩ ነው፤ ጭንቅላቱን የሚገፋው ጥምዝ ዘንግ ላይ ያለው ግራሶ ደርቆ አቧራ ይዟልና አጽዱት። ድራይቩ ራሱ የጻፈውን አጥርቶ እያነበበ የሌላ ድራይቭ ጽሑፍ ከአንዱ ትራክ ወደ ሌላው አልሆንለት ካለ የጭንቅላቱ አቀማመጥ ከመስመሩ ፈቀቅ ብሏል። ይህ በጽዳት አይፈታም፤ ሌላ ድራይቭ መሞከር ይቀላል።

ፋይሉ ተነብቦ ሲከፈት አማርኛው የማይገባ ምልክት ሆኖ ቢመጣ ድራይቩን አትጠርጥሩ። የግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ በሚባለው ዓለም አቀፍ የኮምፒውተር ፊደላት ሥርዓት ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው፤ ከዚያ በፊት የተጻፈ ሰነድ በጊዜው የተጻፈበትን ፊደል ማለትም ፎንት ይፈልጋል። የተቀዳውን ፋይል እንዳለ አስቀምጡ፤ ፎንቱን ፈልጋችሁ ስትጭኑ የምትሞክሩት በቅጂው ላይ ይሁን።