ደሴ ላይ የጌም ኮምፒውተር የምትገጣጥሙ፣ ከፓወር ሳፕላዩ ጀምሩ

ደሴ ፒያሳ አካባቢ ኮምፒውተር እጠግናለሁ። የጌም ኮምፒውተር ሊገጣጥም ያሰበ ልጅ ሲመጣ መጀመሪያ የሚያነሳው የጌሙን ምስል የሚሠራውን ግራፊክስ ካርድ ነው። እኔ ደግሞ መጀመሪያ የምጠይቀው "ሰፈርህ የት ነው? ማታ ማታ መብራታችሁ እንዴት ነው?" ብዬ ነው። የማሾፍ ይመስላቸዋል። ግን ጠረጴዛዬ ላይ ከሚደረደሩት መካከል ጌም በዝቶበት የሞተ ማሽን እምብዛም አላይም። የሚገድላቸው መብራት ነው። ሄዶ ሲመጣ፣ ወይም ሳይሄድ ሲዋዥቅ።

ስለዚህ የኔ ቅደም ተከተል ዩቲዩብ ላይ ከምታዩት ይለያል። እነሱ መጨረሻ ላይ ጠቅሰው የሚያልፉትን እኔ መጀመሪያ አነሳዋለሁ።

ዋጋ ግን አልጽፍም። ብር ሐምሌ 2016 በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ የዛሬ ዋጋ ለሚቀጥለው ወር አይሆንም። በዚያ ላይ ከፈረንጆቹ 2025 መጨረሻ ጀምሮ ራም (የኮምፒውተሩ ጊዜያዊ ሜሞሪ) በዓለም ገበያ ሰማይ ነክቷል። በእኔ ሚዛን ካላችሁ ገንዘብ ሲሶው ወይም ትንሽ ከፍ ያለው ለግራፊክስ ካርድ ይሁን። ለፓወር ሳፕላይ (የግድግዳውን መብራት ቀይሮ ለኮምፒውተሩ ክፍሎች ለሚያከፋፍለው ሳጥን) እና ለመብራት መከላከያ የምታወጡት ላይ ግን አትሰስቱ።

የአገራችን መብራት 220 ቮልት ነው ይባላል። ማታ ሰፈሩ ሁሉ ምጣድና ምድጃ ሲሰካ ግን ይወርዳል። አምፖሉ ሲደበዝዝ ታውቁታላችሁ። ፓወር ሳፕላይ ስትገዙ ጎኑ ላይ የተለጠፈውን ወረቀት አንብቡ። "100–240" የሚል ከሆነ መብራቱ ወረድ ቢልም ኮምፒውተሩ አይጠፋም። ከኋላው ትንሽዬ ቀይ ማብሪያ ያለበት ከሆነ ግን መልሱት። ያቺ ማብሪያ 115 እና 230 የሚሉ ሁለት ቁጥሮች አሏት። 115 ላይ እንዳለች እኛ ሶኬት ላይ ከተሰካች ጧ ይላል፤ ከዚያ ሽታው ነው። ልጆች ደግሞ ቀይ ነገር መነካካት ይወዳሉ።

ሌላው ነገር ዋቱ ነው። ካርቶኑ ላይ በትልቁ "600 ዋት" ስለተባለ 600 ነው ማለት አይደለም። ወረቀቱ ላይ "+12 ቮልት" ከሚለው ሥር ያለውን አምፔር ፈልጉና በ12 አባዙት። ፕሮሰሰሩም ግራፊክስ ካርዱም በዋናነት የሚበሉት ከዚያ መስመር ነው። 18 አምፔር ካለ 216 ዋት ነው፤ 600 ያለው ወሬ ነው። 45 አምፔር ካለ 540 ዋት ነው። ይሄኛው የምር ባለ 550 ነው። "80 ፕላስ" የሚል የብቃት ምልክት ያለው ባለ 550 ከዚህ በታች ለምመክራቸው ካርዶች ሁሉ ይበቃል። በእጃችሁም መዝኑት። ባዶ ቆርቆሮ የመሰለ ቀላል ነገር ከሆነ ውስጡም ባዶ ነው።

ስታቢላይዘር ለሚዋዥቅ መብራት ነው፣ ባትሪ ያለው ዩፒኤስ ለሚሄድ። ሁለቱን የሚያምታታ ብዙ ነው። 650 ቪኤ የሚባለው ትንሹ ዩፒኤስ አብዛኛውን ጊዜ 360 ዋት ገደማ ቢችል ነው። ጌም ላይ ሆናችሁ መብራት ከሄደ የሚሰጣችሁ ጥቂት ደቂቃ ነው። ሴቭ አድርጋችሁ ለመዝጋት እንጂ ዋንጫውን ለመጨረስ አይደለም። ዩፒኤስ መግዛት ካልቻላችሁ ቢያንስ መብራት ሲሄድ ዲቫይደሩን ከግድግዳው ንቀሉት። ሲመጣም ወዲያው አትሰኩ፤ እስኪረጋጋ ትንሽ ታገሡ። ኬዙን ስትነኩት እጃችሁን ነዘር ካደረጋችሁ ደግሞ የግድግዳችሁ ሶኬት ኧርዝ (ወደ መሬት የሚወርድ ገመድ) የለውም ማለት ነው። ኤሌክትሪሺያን ጥሩ። ኮምፒውተሩ ተበላሸ ብላችሁ ለኔ አታምጡልኝ።

አሁን ወደ ካርዱ።

መጀመሪያ ምን እንደምትጫወቱ ንገሩኝ። የሚመጡት ልጆች ግማሾቹ ከኳስ ውጪ ሌላ ጌም አይነኩም። ለእግር ኳሱ ጌም ለኤፍሲ 24 አምራቹ ያስቀመጠው ዝቅተኛ መስፈርት ጂቲኤክስ 1050 ቲአይ እና 8 ጊጋ ራም ነው። የሚመከረው ጂቲኤክስ 1660 እና 12 ጊጋ ራም ነው። ለዚህ ብሎ አርቲኤክስ 4070 ማሰብ ገንዘብ መበተን ነው። ለደሴ ቤት ምረጥ ብትሉኝ አርኤክስ 6600ን እመርጣለሁ። 8 ጊጋ ሜሞሪ አለው። የሚበላው 132 ዋት ነው። አንድ ባለ 8 ፒን ገመድ ይበቃዋል። በ1080ፒ (ፉል ኤችዲ) ስክሪን ብዙውን ጌም በደንብ ይገፋዋል። አርቲኤክስ 3060 ባለ 12 ጊጋውም ጥሩ ነው፤ እሱ 170 ዋት ይበላል። አቅም ከሌለ ጂቲኤክስ 1650 አለ። 75 ዋት ብቻ ስለሆነ አብዛኞቹ ሞዴሎች ተጨማሪ ገመድ እንኳ አይፈልጉም።

አርኤክስ 580 ገበያው ላይ ሞልቷል፣ ርካሽም ነው። ግን እወቁት። የፈረንጆቹ 2017 ካርድ ነው። 185 ዋት ይበላል። ብዙዎቹ ክሪፕቶ ሲቆፍሩ የከረሙ ናቸው። ደግሞ "580 2048ኤስፒ" የሚባል ወንድም አለው። ትክክለኛው 580 2304 ኮር (ትንንሽ የማስሊያ ክፍል) ሲኖረው ይሄኛው 2048 ብቻ ነው ያለው፤ ያ ደግሞ ከሱ ዝቅ የሚለው የአርኤክስ 570 ቁጥር ነው። በ570 ዋጋ ከሆነ ውሰዱት። በ580 ዋጋ ከሆነ እየተበላችሁ ነው።

ከሁሉ የከፋው ግን የለየለት ፌክ ነው። ያረጀ ካርድ ውስጥ የሐሰት ባዮስ (የካርዱን ማንነት የሚናገር የውስጥ ሶፍትዌር) ይጫንና ኮምፒውተሩ ራሱ "ጂቲኤክስ 1050 ቲአይ" ብሎ ያነበዋል። ሻጩም "ወላሂ ኦርጅናል ነው" ይላችኋል። ምናልባት እሱም ተሸውዶ ይሆናል። ካርዱን ገልብጣችሁ ስክሪን የሚሰካበትን ጎን እዩ። ያ ሰማያዊው፣ ባለ 15 ቀዳዳው ቪጂኤ አለው? ካለው 1050 ቲአይ አይደለም፤ ያ ትውልድ ቪጂኤ አያወጣም። ቀጥሎ ጂፒዩ-ዚ የምትባለውን ነፃ ሶፍትዌር በፍላሽ ይዛችሁ ሂዱ። በዚህ መንገድ የተቀየሩ ብዙ የኢንቪዲያ ካርዶችን "ፌክ" ብላ ከስማቸው ፊት ትጽፍባቸዋለች። መሐላውን አመስግናችሁ ጂፒዩ-ዚን ክፈቱ። ከዚያ ካርዱን በሙሉ ኃይሉ የሚያሠራውን ፈርማርክ የሚባል ሶፍትዌር ሩብ ሰዓት አስኪዱበት። ሻጩ "ለምን ታቃጥሉብኛላችሁ" ካለ ተሰናብታችሁ ውጡ።

ፕሮሰሰር ላይ ብዙ አልጨቃጨቅም። ራይዘን 5 5600 ወይም አይ5-12400ኤፍ ካገኛችሁ ጨረሳችሁ። ሁለቱም ባለ 6 ኮር ናቸው፣ መነሻ ፍጆታቸውም 65 ዋት ነው። ጠበብ ካለባችሁ አይ3-12100ኤፍ በ4 ኮር የሚገርም ሥራ ይሠራል። መጠንቀቅ ያለባችሁ መጨረሻ ላይ ያለችውን "ኤፍ" ነው። ኤፍ ያለው ፕሮሰሰር የራሱ ግራፊክስ የለውም። ካርድ ሳይገዙ እሱን ብቻ ገዝተው ስክሪኑ ጨለማ ሆነባቸው የሚመጡ አሉ። በዕቁብ ለምትገዙ የተሻለው ራይዘን 5 5600ጂ ነው። ውስጡ ግራፊክስ ስላለው ዛሬ ቀለል ያሉ ጌሞችን ትጫወታላችሁ። ዕቁቡ ሲደርሳችሁ ካርዱን ትጨምራላችሁ።

ማዘርቦርዱ፣ ማለትም ሁሉ ነገር የሚሰካበት ዋናው ቦርድ፣ ከፕሮሰሰሩ ሶኬት (ፕሮሰሰሩ ከሚቀመጥበት ማስገቢያ ዓይነት) ጋር መግጠም አለበት። ራይዘን 5000ዎቹ ኤኤም4 ናቸው። 12ኛ ትውልድ ኢንቴል ኤልጂኤ 1700 ነው። ቢ450 የመሰለ የቆየ ቦርድ ለ5600 የምትገዙ ከሆነ ባዮሱ (ቦርዱን የሚያስነሳው ሶፍትዌር) መታደሱን ሻጩ ፊት ለፊታችሁ አብርቶ ያሳያችሁ። ከዚህ ውጪ ቦርድ ላይ መብራት ላንጸባረቀበት አትክፈሉ።

ራም ሁለት ባለ 8 ግዙ እንጂ አንድ ባለ 16 አትግዙ። ሁለቱ አብረው ሲሠሩ መንገዱ በእጥፍ ይሰፋል። በተለይ 5600ጂ ላይ ልዩነቱ በዓይን ይታያል። ፈጣኑ ማከማቻ ኤስኤስዲ የግድ ነው፤ ይበልጥ ፈጣኑ ኤንቪኤምኢ ባይሆን ዘገም ያለው ሳታም ይሁን። መጠኑ ከ500 ጊጋ አይነስ። ኤፍሲ ብቻውን 100 ጊጋ ይፈልጋል። ይህን በሞባይል ዳታ ለማውረድ የሚያስብ ካለ አላህ ይርዳው። ስቲም (የጌም መሸጫው መተግበሪያ) ላይ የገዛችሁትን ጌም ጓደኛችሁ ካወረደው በሃርድ ዲስክ ፎልደሩን ቅዱት። ስቲም ፋይሉን ይፈትሽና የጎደለውን ብቻ ያወርዳል።

ማቀዝቀዣው ላይ የኛ አገር ነገር አለ። ደሴ ከባሕር ጠለል በላይ 2500 ሜትር ገደማ ላይ ናት። እዚህ አየሩ ከባሕር ዳርቻ ከተሞች በአንድ አምስተኛ ገደማ የሳሳ ነው። ፋኑ ያው ቢዞርም የሚገፋው አየር ጥቂት ነው፤ የሚያወጣው ሙቀትም እንደዚያው። ደግነቱ ከጦሳ ተራራ የሚወርደው ብርድ ያካክሰዋል። 5600 ከካርቶኑ ጋር የሚመጣው ፋን ደሴ ላይ ይበቃዋል። ኮምቦልቻ ሌላ ነው። ዝቅ ብላ 1850 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነች አየሩ ትንሽ ይሻላል፣ ግን ይሞቃል፣ አቧራም አለ። ከዚያ የሚመጡልኝን ስከፍት ሂትሲንኩ (ሙቀት የሚያወጣው ብረት) ላይ አቧራው እንደ ብርድ ልብስ ተጋግሮ ነው የማገኘው። የኮምቦልቻ ልጆች ፊቱ ወንፊት የሆነ፣ አቧራ ማጣሪያው የሚወልቅ ኬዝ ግዙ። በየወሩ አራግፉት። ፊቱ ድፍን መስታወት የሆነው ኬዝ ፎቶ ላይ ያምራል፣ ውስጡን ግን ያፍናል። የትም ብትሆኑ ሲሚንቶ ወለል ላይ አታስቀምጡት። ቡፌ ውስጥም አትክተቱት።

አዲስ መገጣጠም ካልተቻለ አትዘኑ፣ አብሽሩ። ከውጭ የሚገቡ ያገለገሉ የቢሮ ኮምፒውተሮች አሉ፤ ዴል ኦፕቲፕሌክስ፣ ኤችፒ ኤሊትዴስክ። አይ5-8500 ያለበትን ፈልጉ፤ ባለ 6 ኮር ነው። ከ8ኛ ትውልድ በታች አትውረዱ። ዊንዶውስ 11 አይቀበላቸውም፣ የዊንዶውስ 10 ድጋፍ ደግሞ ጥቅምት 4 ቀን 2018 አብቅቷል። ቁመቱ ረጅም የሆነውን ታወሩን ምረጡ። ቀጭኑ ውስጥ ሙሉ ቁመት ያለው ካርድ አይገባም። የሁለቱም ፓወር ሳፕላይ አብዛኛውን ጊዜ የፋብሪካው የራሱ ነው፤ የገመዱ ጫፍ ከተራው ጋር አይገጥምም። ስለዚህ እዚያ ውስጥ ገመድ የማይፈልግ 1650 ክተቱና ተጫወቱ። ብዙ ሰው ይንቀዋል። እኔ ለመጀመሪያ ኮምፒውተር ከዚህ የሚሻል አላውቅም።

ከአዲስ አበባ ተገጥሞ በአውቶቡስ የሚላክላችሁ ከሆነ ግራፊክስ ካርዱን አስወልቃችሁ ለብቻው አስጠቅልሉት። መንገዱ 400 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ጣርማ በርን ወርዶ፣ ሐረጎን ጠመዝማዛውን ወጥቶ ሲደርስ ከባድ ካርድ የቦርዱን ማስገቢያ ይሰብራል። ካርዱ የቆመው በአንዲት ብሎንና በዚያች ፕላስቲክ ነው።

ገጣጥማችሁ ስታበሩት ፋኑ እየዞረ ስክሪኑ ጨለማ ከሆነ አትደንግጡ። መጀመሪያ የኤችዲኤምአይ ገመዱን እዩ። ማዘርቦርዱ ላይ ሰክታችሁት ይሆናል፤ ግራፊክስ ካርዱ ላይ ነው የሚሰካው። እሱ ልክ ከሆነ ራሞቹን ነቅላችሁ ጠቅ እስኪሉ መልሳችሁ ግፏቸው። ከዚያ ፕሮሰሰሩ አጠገብ ያለው የኃይል ገመድ መሰካቱን እዩ፤ የሚረሳው እሱ ነው። ሦስቱም ልክ ሆነው ካልበራ አምጡት፣ እናየዋለን። ፓወር ሳፕላዩንም ሳትነቅሉ።