ብርድ ላይ ጎልፍ እንዴት እንደሚጫወቱ

ዲሲ አካባቢ ዲሴምበር ሲገባ አብዛኛው ሰው የጎልፍ ቦርሳውን ጋራዥ ውስጥ ይከትና እስከ ኤፕሪል ይረሳዋል። እኔ ግን በጣም የምወዳቸው ወራት እነዚያ ናቸው። ሜዳው ባዶ ነው። ወረፋ የለም። ከኋላ የሚያጣድፍ ሰው ስለሌለ ዘጠኙን ቀዳዳ ተዝናንታችሁ ትጨርሳላችሁ። እዚህ ለመድረስ ግን ሦስት ክረምት ፈጅቶብኛል፤ ያኔ የተበላሸብኝን እናንተ እንዳትደግሙት ብዬ ነው የምጽፈው።

መጀመሪያ ቀን ምረጡ። ዲግሪውን ብቻ ሳይሆን ንፋሱንም እዩ። 40 ፋራናይት፣ ማለትም 4 ሴንቲግሬድ ገደማ፣ ፀሐይ ካለ ደስ የሚል ቀን ነው። ያው 40 ዲግሪ ንፋስ ሲጨመርበት አጥንት ሰርስሮ ይገባል። ሄይንስ ፖይንት ላይ ያለው ኢስት ፖቶማክ የሚባለው የጎልፍ ሜዳ ግራ ቀኙ ውሃ፣ መሬቱም ዝርግ ስለሆነ ንፋሱን የሚመልስላችሁ ነገር የለም። ንፋስ ባለበት ቀን ዛፍ የበዛበት ሜዳ ፈልጉ።

ሰዓቱ ደግሞ በእኛ አቆጣጠር ከረፋዱ 5 ሰዓት ይሁን። ከዚያ በፊት አትሂዱ፤ ከዚያ በጣም ከዘገያችሁም ዲሴምበር ላይ 11 ሰዓት ሳይሞላ ይመሻል።

ጠዋት አትሂዱ የምለው በውርጩ ምክንያት ነው። የመጀመሪያው ክረምት ላይ ማልጄ ሄድኩ። ውርጩ እስኪቀልጥ ጠብቁ ተባልን። እኔ ትዕግሥት አጣሁና መለማመጃው ግሪን ላይ ወጥቼ ጥቂት ኳስ ገፋሁ። ግሪን ማለት ቀዳዳው ያለበት፣ ሣሩ 3 ሚሊ ሜትር ገደማ እስኪቀር የሚታጨደው ቦታ ነው። በሳምንቱ ስመለስ ሜዳውን የሚንከባከበው ሰው ጠርቶ አሳየኝ። እያንዳንዱ እርምጃዬ ጠቁሮ ቀርቷል። የጫማዬ ቅርጽ ሳይቀር ይታያል። ገጠር ያደገ ሰው ውርጭ ባቄላን በአንድ ሌሊት ምን እንደሚያደርገው ያውቃል። ሣሩ ውስጥ ያለው ውሃ በረዶ ስለሆነ ሲረገጥ አይታጠፍም፣ ይሰበራል። ያንን ሰውዬ ይቅርታ ጠይቄዋለሁ፤ ግሪኑ ግን እስኪያገግም ብዙ ቆይቷል። ስለዚህ ጠብቁ ከተባላችሁ ቡናችሁን እየጠጣችሁ ጠብቁ።

አለባበስ ላይ ብዙ አልልም። ቆዳችሁን የሚነካው ልብስ ጥጥ አይሁን፤ ላብ ይይዝና ያቀዘቅዛል። ከላዩ ስስ ሹራብ፣ ከዚያ እጅጌ የሌለው ንፋስ የማያስገባ ነገር ደርቡ። ወፍራም ጃኬት ትከሻ ያስራል፤ እኔ መኪና ውስጥ ትቼው ነው የምገባው። የሱፍ ካልሲ፣ ጆሮ የሚሸፍን ኮፍያ፣ ለሁለቱም እጅ ጓንት። ፔርሙስ ሙሉ ትኩስ ሻይም ያዙ፣ ቅመም ያለው ከሆነ የተሻለ።

ኳሶቹን ከዋዜማው ጀምሮ ቤት ውስጥ አሳድሩ። መኪና ውስጥ ያደረ ኳስ ውስጡ ያለው ጎማ ይደርቅና አይነጥርም፤ ስትመቱት ድንጋይ ነው የሚመስለው። እዚህ ላይ ግን አንድ ማስጠንቀቂያ አለኝ። ኪስ ውስጥ የሚያዝ የእጅ ማሞቂያ አለ አይደል? በሁለተኛው ክረምት ትንሽ ውድድር ላይ ኳሶቼን ከሱ ጋር አንድ ኪስ ውስጥ ከትቼ እያሞቅኩ ተጫወትኩ። መጨረሻ ላይ ለጓደኛዬ ዘዴዬን ስነግረው ሰምተው ከውድድሩ አስወጡኝ። ልክ ነበሩ። የጎልፍ ሕግ ቁጥር 4.2 ሆን ተብሎ በተሞቀ ኳስ መምታትን ይከለክላል፣ ቅጣቱም ከውድድር መሰረዝ ነው። ማሞቂያው ለእጃችሁ ብቻ ይሁን።

ለብርድ ተብለው ለሚሸጡ ለስላሳ ኳሶች ተጨማሪ ገንዘብ አታውጡ፤ እኔ ልዩነቱን አላየሁትም። ቀለሙ ግን ይጠቅማል። ብርቱካናማ ኳስ በረዶ ላይ በቀላሉ ይገኛል።

መሬቱ በብርድ ከደረቀ ቲው፣ ማለትም ኳሱ የሚቀመጥበት ትንሽ የእንጨት ችንካር፣ አልገባ ብሎ ይሰበራል። አንድ ወፍራም ሚስማር ቦርሳችሁ ውስጥ ይኑር፤ በሱ ቀዳዳ አብጁና ቲውን አስገቡ።

ርቀት ይቀንሳል፣ አትደንግጡ። ቀዝቃዛ አየር የታመቀ ስለሆነ ኳሱን ይይዘዋል። አዲስ አበባ፣ ኦልድ ኤርፖርት የተጫወተ ሰው ተቃራኒውን ያውቀዋል፤ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ አየሩ ስስ ስለሆነ ኳሱ አልቆም ይላል። እዚህ በድራይቨር፣ ማለትም ሩቅ በሚመታው ረጅሙ ዱላ፣ ስትመቱ ለእያንዳንዱ 10 ፋራናይት ቅዝቃዜ 2 ያርድ ገደማ ታጣላችሁ ይባላል። የቀዘቀዘው ኳስና የተደራረበው ልብስ ሲጨመሩበት ደግሞ ይብሳል። ጉልበት ጨምራችሁ አትምቱ። አንድ ደረጃ ራቅ አድርጎ የሚመታ ዱላ አውጡና ዝግ ብላችሁ ምቱ፤ የዱላው ቁጥር ሲያንስ ርቀቱ ስለሚጨምር በ8 ቁጥር ትመቱት የነበረውን በ7 ምቱ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ፤ በብርድ የደረቀ ግሪን ላይ ኳስ ማቆም። እኔን ሦስት ክረምት ያስለቀሰኝ ይሄ ነው።

ጃንዋሪ ነበር። 130 ያርድ ቀርቶኛል። አስቤበት አንድ ደረጃ ራቅ አድርጎ የሚመታ ዱላ ይዤ፣ በጣም በሚያምር ምት ከፍ አድርጌ ላክሁት። ግሪኑ መሃል አረፈ። ከዚያ «ቋ!» የሚል ድምፅ ሰማሁ፣ አስፋልት ላይ እንደወደቀ። ኳሱ እንደ ፍየል ዘሎ ከኋላ ያለው ቁጥቋጦ ውስጥ ገባ። ሌላ ኳስ አውጥቼ ደገምኩት፣ ያው ሆነ። አብረውኝ የነበሩ አንድ ጋሼ ዝም ብለው ሲያዩኝ ቆዩና «አንተ ልጅ፣ እስከ ጓዳ ምን ወሰደህ? በሩ ላይ ጣለው፣ ራሱ ይገባል» አሉኝ። ከዚያ 6 ቁጥር ዱላቸውን አውጥተው ገና ወደ ግሪኑ ስንጠጋ፣ ከ60 ያርድ ላይ፣ ሸርተት አድርገው መቱት። ኳሱ ግሪኑ ሳይደርስ 20 ያርድ ቀደም ብሎ አረፈ፣ ሁለቴ ነጠረ፣ ከዚያ እንደ ብይ ተንከባሎ ቀዳዳው አጠገብ ቆመ።

አሠራሩ እንዲህ ነው። መጀመሪያ ግሪኑ ፊት ለፊት የአሸዋ ጉድጓድ የሌለበትን በር ፈልጉ። የምታሳርፉበትን ቦታ ከግሪኑ ከ15 እስከ 25 ያርድ ቀደም አድርጋችሁ ምረጡ፤ ሣሩ ረዘም ስለሚል የኳሱን ጉልበት ትንሽ ይውጥላችኋል። 6 ወይም 7 ቁጥር ያዙ። ቀኝ እጅ ከሆናችሁ ኳሱን ወደ ቀኝ እግራችሁ ጠጋ አድርጉት፣ ክብደታችሁ ግራ እግር ላይ ይሁን፣ ከዚያ እስከ ወገብ ብቻ አንስታችሁ ምቱ።

ኳሱን መሬቱ ሳይቀድመው ንኩት። በጋ ላይ ትንሽ ከኋላው ብትነኩ ሣሩ ይምራችኋል። የደረቀ መሬት አይምርም፤ ዱላው ይነጥርና የኳሱን ሆድ ይመታል፣ ንዝረቱ ደግሞ እስከ ክርናችሁ ይዘልቃል። የእጄ አንጓ ለሁለት ሳምንት ያመመኝ ኳሱን ስመታ በዱላው ሣር ልቆርጥ ብዬ ነው። ሣር አትቁረጡ።

ሁሉም ግሪን ግን አንድ ዓይነት አይደለም። ፀሐይ ያገኘው ለስልሶ፣ ዛፍ ጥላ የጣለበት እንደ ሲሚንቶ ሆኖ ሊቆይ ይችላል። ወደ ግሪኑ ስትጠጉ የጫማችሁን ድምፅ አዳምጡ። ኮቴያችሁ የሚያንኳኳ ከሆነ መሬቱ አልቀለጠም፣ ቀደም አድርጋችሁ አሳርፉ። በሩ በአሸዋ ከተዘጋ ደግሞ ወደ ጎን አልሙ፣ ከዚያ በፑተር፣ ማለትም ኳስ መሬት ለመሬት በሚገፋበት ዱላ፣ ግፉት፤ አንድ ምት ማጣት ኳስ ከማጣት ይሻላል።

አሸዋው ራሱ በብርድ ከደረቀ ሳንድ ዌጁን፣ ማለትም የአሸዋውን ዱላ፣ ተዉት፤ ታቹ ወፍራም ስለሆነ ይነጥራል። ታቹ ሳሳ የሚለው ዱላ፣ ፒቺንግ ዌጅ፣ ይሻላል።

ስትጨርሱ ዱላዎቹን መኪና ውስጥ አታሳድሩ። መያዣው ጎማ ነው፣ ሲቀዘቅዝ ደርቆ ያዳልጣል። በፎጣ አድርቃችሁ ቤት አስገቡ፣ ኳሶቹንም አብራችሁ።