ጥፍር የምታክል ብልቃጥ ፍለጋ፦ ሀዋሳ ላይ የተሳሳትናቸውን እናንተ አትድገሟቸው

ጂኦካሺንግ ሰምታችሁ ለማታውቁ ባጭሩ፣ አንዱ እቃ ይደብቅና የደበቀበትን የጂፒኤስ ቁጥር ይለቃል፣ ሌላው ስልኩን ይዞ ሄዶ ይፈልጋል፣ ሲያገኝ ውስጡ ያለችው ወረቀት ላይ ስሙንና ቀኑን ጽፎ እዛው ቦታዋ ይመልሳታል። በቃ። ሽልማት የለው ምን የለው። "ታዲያ ምን ትጠቀማላችሁ?" ላለኝ ሰው ሁሉ እስካሁን ደህና መልስ አላገኘሁም።

እኛ ሀዋሳ ላይ አምስት ስድስት ልጆች ሆነን በራሳችን ቴሌግራም ግሩፕ ነው የምንጫወተው፣ መጀመሪያ የምሳ እቃ የሚያክል ነበር የምንደብቀው፣ እሱ ቀለለንና አሁን ናኖ የሚሉት ውስጥ ገባን። ናኖ ማለት የጣት ጫፍ የምታክል ማግኔት ያላት ብልቃጥ ናት፣ ውጭ ሀገር ተሰርታ ትሸጣለች፣ እኛ ግን ከተበላሸ ኢርፎን ማግኔት እያወጣን ከእስክሪብቶ ክዳን እንሰራታለን። ከዛ ወዲህ ሰላም የለንም። ለማንኛውም ስህተቶቹ እነሆ፣ አብዛኞቹ የኔ ናቸው።

ስልኩን እስከ መጨረሻዋ እርምጃ ማመን

የጀማሪ ሁሉ ስህተት ይሄ ነው። ስልክ ሰማይ ክፍት በሆነበት ሜዳ ላይ እንኳን 3፣ 5 ሜትር ይስታል፣ ዛፍ ስር ወይ ፎቅ ጥግ ከሆነ ደግሞ ሲግናሉ እየነጠረ ስለሚመጣ ከ10 ሜትርም ሊያልፍ ይችላል። ደባቂውም እኮ ቁጥሩን የወሰደው በስልክ ነው፣ የሱ ስህተት ላይ የናንተን ስትጨምሩበት አስቡት። ሀይቁ ዳር ፍቅር ሀይቅ የሚባለው ቦታ አንድ ትልቅ ዋርካ ስር አንድ ሰዓት ከአርባ ደቂቃ ዞሬያለሁ፣ ስልኩ ዜሮ ሜትር ይለኛል፣ ስሩን ፈተሽኩ፣ ቅርፊቱን ፈተሽኩ፣ ቅጠል ገለበጥኩ፣ ደክሞኝ እዛው አጠገብ ያለች የብረት ወንበር ላይ ቁጭ ብዬ ለደባቂው መሳደቢያ ቮይስ ላክሁለት። ብልቃጧ ለካ የወንበሯ ብሎን መስላ ከስሬ ተለጥፋለች።

አሁን 10 ሜትር ሲቀረኝ ስልኩን ኪሴ ከትቼ ቆም እልና "እኔ ብሆን የት እደብቃት ነበር?" ብዬ ነው የማየው።

ድሮ ደግሞ ከዚህም ይብስ ነበር። እንደ ፈረንጆቹ እስከ ሜይ 2000 መጀመሪያ ድረስ የአሜሪካ መንግስት ለሲቪል የሚለቀውን ጂፒኤስ ሆን ብሎ ያዛባው ስለነበር እስከ 100 ሜትር ይስት ነበር። ማዛባቱን ባቆሙ በማግስቱ ሜይ 3 ላይ ዴቭ አልመር የሚባል ሰውዬ ኦሪገን ውስጥ ጫካ ገብቶ ባልዲ ቀበረና ቁጥሩን ኢንተርኔት ላይ ለቀቀ፣ ጨዋታው በዛ ተጀመረ። ባልዲው ውስጥ ከነበሩት እቃዎች አንዱ የታሸገ ባቄላ ነበር አሉ። እኛ እንግዲህ አሁን የምንፈልገው ከአንዷ የባቄላ ፍሬ የማይበልጥ ነገር ነው፣ እድገት ይሉሃል ይሄ ነው።

ቁጥሩን በተሳሳተ ፎርማት ማስገባት

የጨዋታው ቁጥር የሚጻፈው በዲግሪና በደቂቃ ነው፣ ለምሳሌ 7 ዲግሪ ከ03.500 ደቂቃ ሰሜን፣ 38 ዲግሪ ከ28.500 ደቂቃ ምስራቅ። አንድ ጓደኛችን ይሄን አይቶ ጎግል ማፕ ላይ 7.03500 እና 38.28500 ብሎ መታው፣ ትክክሉ ግን ደቂቃውን ለ60 አካፍሎ 7.05833 እና 38.47500 ነበር። ልዩነቱ ቀላል ይመስላል አይደል? ከ20 ኪሎ ሜትር በላይ ነው፣ ከሀይቁ ማዶ ገጠር ውስጥ ነው የሚጥላችሁ። ልጁ ባጃጅ ተኮናትሮ ሊሄድ ነበር፣ ባጃጅ ነጂው ነው ያዳነው፣ "ወንድሜ እዛ ምን ልትሰራ ነው?" ብሎ። የመጨረሻዋን አሃዝ መሳሳት ግን አያስጨንቅም፣ አንዷ ቁጥር ወደ 1.85 ሜትር ብትሆን ነው።

በዓይን ብቻ መፈለግ

ናኖ በዓይን አትገኝም። የተሰራችው እኮ ብሎን እንድትመስል ነው። ወንበር ከሆነ ከስሩ በጣት ዳሱት፣ የብረት አጥር ከሆነ የቱቦውን ጫፍ፣ ታፔላ ከሆነ ጀርባውን። ከአራት ብሎን አንዱ ዝገት ከሌለው እሱ ብሎን አይደለም። ግን ጉድጓድና የድንጋይ ስንጥቅ ውስጥ እጃችሁን ዝም ብላችሁ እንዳትከቱ፣ መጀመሪያ የስልክ መብራት ከዛ እንጨት፣ ታቦር ተራራ ላይ አንድ ድንጋይ አንስቼ ጊንጥ ጋር ተፋጥጠናል፣ ከዛ ቀን ወዲህ እንጨት ሳልይዝ አልወጣም።

የችግር ደረጃውን ሳያዩ መውጣት። ለእያንዳንዷ ብልቃጥ ከ1 እስከ 5 ሁለት ቁጥር ይሰጣል፣ አንዱ የአደባበቁ ክብደት ሌላው የመንገዱ። 4 የተባለችን በምሳ ሰዓት በ15 ደቂቃ አገኛለሁ ብሎ መውጣት ራስን ማናደድ ነው፣ ሌላ የምለው የለም።

የምግብ እቃ ውስጥ መደበቅ

ይሄ የደባቂ ስህተት ነው፣ ደባቂውም እኔ ነኝ። አሳ ገበያው አሞራ ገደል አንድ ዛፍ ላይ በካራሜላ ጣሳ ደበቅኩ፣ አጥቤዋለሁ ብዬ ነበር። ጦጣም አፍንጫ እንዳላት ረሳሁት። በሁለተኛው ቀን ጣሳው ተነክሶ መሬት ላይ፣ ወረቀቱ የለም። አባ ኮዳ የሚባሉት ትልልቅ ወፎች እንኳን ከአሳ ፍርፋሪው ዞር ብለው የሚያዩኝ መሰለኝ። የምግብ ሽታ ያለው ነገር አይሆንም፣ በቃ። ደግሞ ባንክ፣ ድልድይ፣ ጥበቃ ያለበት ግቢ አጠገብ አትደብቁ፣ አጥር ስር የሚያጎነብስ ሰው ለጥበቃ ምን እንደሚመስል አስቡት።

እስክሪብቶ መርሳት

እንዴ፣ ናኖ ውስጥ እስክሪብቶ አይገባም እኮ! ሁለት ሰዓት ፈልጋችሁ አግኝታችሁ ስማችሁን ሳትጽፉ ከመመለስ በላይ የሚያቃጥል ነገር የለም፣ አንዷ ልጅ በዓይን ኩል ጽፋ መጥታለች። ወረቀቷ ተጠቅልላ ስለምትገባ ወረንጦ ያዙ፣ ስትመልሱ ደግሞ አጥብቃችሁ ጠቅልሉ፣ ክረምት ላይ ክዳኗ በደንብ ካልገጠመ የሚቀጥለው ሰው የሚያገኘው የወረቀት ገንፎ ነው። ሌላ "የተሻለ" ቦታ አዙራችሁ እንዳታስቀምጧት፣ ካገኛችሁበት ንቅንቅ የለም።

አላገኘሁም ለማለት ማፈር

ግሩፑ ላይ ሁሉም ሲያገኝ "አገኘኋት" ከነፎቶው፣ ያላገኘ ቀን ግን ዝም። ተው እንጂ! ሶስት ሰው ተከታትሎ አላገኘሁም ካለ እኮ ደባቂው ሄዶ ያያል፣ ምናልባት ጠፍታለች። አንዴ አራት ሰው ለየብቻው ጉዱማሌ ፓርክ ሄዶ ፈልጎ አጥቶ አራቱም አፍረው ዝም ብለው፣ ለካ ወንበሩ ቀለም ሊቀባ ተነስቶ ነበር። ወንበሩ ራሱ የለም!

ሰው ሲጠይቅ መዋሸት

የማይጫወት ሰው በጨዋታው ቋንቋ ማግል ይባላል፣ ማግል እንዳያያችሁ ተጠንቀቁ ይላሉ ፈረንጆቹ። እሁድ ከሰዓት ፍቅር ሀይቅ ላይ ይሄን ሞክሩትና ንገሩኝ፣ ወንበሩ ሁሉ ጥንዶች ተቀምጠውበታል፣ እናንተ ከስር ማየት ትፈልጋላችሁ። ጠዋት 12 ሰዓት ተኩል ሂዱ፣ ስፖርት የሚሰራ ሰው ቢኖር ነው፣ ለሱም የጫማ ማሰሪያ እያሰራችሁ ነው።

እኔ ግን አንዴ በጠራራ ፀሀይ መንበርከክ ላይ አንድ አባት ደረሱብኝ።

"ምን ጠፋህ ልጄ?"

ጨዋታ ነው ማለት አፈርኩና "ቀለበት አባባ" አልኩ። ምነው አፌን በቆረጠው። ከዘራቸውን ጥለው አብረውኝ ተንበረከኩ፣ ከዛ ሁለት ሊስትሮዎች መጡ፣ ከዛ የቆሎ ሻጯ፣ ሰባት ሰው ሆነን የሌለ ቀለበት ፈለግን። ብልቃጧን ያገኘው ከሊስትሮዎቹ አንዱ ነው፣ "ይሄ ብሎን ወልቋል" ብሎ ወረወራት፣ እኔ ማንም ሳያየኝ የወደቀችበትን በዓይኔ ይዤ ዝም።

ያ ልጅ አሁን ከኛ ጋር ይጫወታል፣ ከሁላችንም ይበልጣል። አባባን ግን እውነቱን ልነግራቸው አልቻልኩም፣ እዛ ሰፈር ባገኙኝ ቁጥር እጄን ይዘው ጣቴን አይተው "እስካሁን አልተገኘችም?" ይሉኛል፣ እኔም "አልተገኘችም አባባ"።