«2.6 ይዤ የሒሳብ ሥራ አገኛለሁ?»

ሰኔ ሲገባ ስልኬ ሥራ ይበዛበታል። ተመራቂ ልጅ ያለው ዘመድ ሁሉ ይደውላል። ጥያቄው አንድ ነው፦ «ልጁ 2.6 አለው፣ የሒሳብ ሥራ ያገኛል ወይ?» እኔ ኮምቦልቻ አንድ ፋብሪካ ውስጥ የሒሳብ ክፍል ኃላፊ ነኝ። ቅጥር ሲኖር ፈተናውን የማወጣውም የማርመውም እኔ ነኝ። ስለዚህ ሁሌ የምመልሰውን እዚህ ልጻፈው።

ያገኛል። ግን ግሬዱ የሚከብደው የት እንደሚያመለክት ታይቶ ነው።

ከግሬድ በፊት የመውጫ ፈተና አለ። ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ ኤግዚት ያላለፈ ዲግሪ አይዝም። ማለፊያው 50 ከመቶ ነው። 3.8 ይዞ ኤግዚት የወደቀ ልጅ ለኛ ገና አልተመረቀም። አራተኛ ዓመት ላይ ከሆናችሁ የመጨረሻዋን ኤ ለማምጣት ከመፍጨርጨር በፊት ይቺን አስተማምኑ።

ግሬድ በጣም የሚከብደው ባንክ ቤት ነው። የጀማሪ ሠራተኛ ማስታወቂያቸው ላይ ብዙ ጊዜ ቁጥር ይጽፋሉ። አንዱ 2.75 ይላል፣ ሌላው 3.00። አንዳንዱ ለሴቶች ዝቅ ያደርገዋል። ማመልከቻው ኦንላይን ከሆነ ደግሞ 2.74 ያለው ልጅ ስሙም አይታይ። ማመልከቻ ደብዳቤውን አሳምሮ ቢጽፍ የሚያነብለት ሰው የለም። ስለዚህ ገና ተማሪ የሆናችሁ መስመሩ የት እንዳለ አይታችሁ ሒሳቡን ሥሩ። ሒሳብ ተማሪ አይደላችሁ?

ለምሳሌ 90 ክሬዲት ወስዶ 2.60 ላይ ያለ ልጅ 234 ነጥብ አለው። 45 ክሬዲት ቀርቶታል እንበል። በ135 ክሬዲት 2.75 ለመድረስ በድምሩ 371.25 ነጥብ ይፈልጋል። የጎደለውን 137.25 ለ45 ስናካፍል 3.05 ይመጣል። በቀሩት ኮርሶች ቢ እና ከዚያ ትንሽ ከፍ ማለት ነው። ይቻላል፣ አብሽሩ። 3.00 ልግባ ካለ ግን በቀሪዎቹ 3.80 ማምጣት አለበት። እሱን ትቶ ጊዜውን ሌላ ነገር ላይ ቢያውለው ይሻለዋል። 3.2 ኖሮት 3.4 ለማድረግ ሌሊቱን የሚያነጋውንም እንደዚያው እመክረዋለሁ። እዚያው ዩኒቨርሲቲ ቆይቶ ማስተማር የሚፈልግ ከሆነ ግን ያንጋ፣ እዚያ እያንዳንዷ ነጥብ ትቆጠራለች።

ፋብሪካ ሌላ ነው። ኮምቦልቻ ጨርቃ ጨርቁ አለ፣ ቢራው አለ፣ ብረታ ብረቱ አለ፣ ደረቅ ወደቡ አለ፣ በ2009 ዓ.ም. የተመረቀው ኢንዱስትሪ ፓርክም አለ። እኛ ግሬድ የምናየው የማመልከቻው ክምር ሲበዛብን ነው። ለፈተና የሚጠራውን ለመለየት እንጠቀምበታለን፣ ከዚያ በኋላ ወረቀቱን የሚያነሳው የለም። ሳነሳውም ድምሩን ሳይሆን ዝርዝሩን ነው የማነበው። የመጀመሪያ ዓመት ሎጂክ ወይም አንትሮፖሎጂ ላይ ሲ ቢኖር ግድም አይሰጠኝ። ኮስት አካውንቲንግ ላይ ሲ ካለ ግን ቆም እላለሁ። ፋብሪካ ውስጥ ቀኑን ሙሉ የምንሠራው እሱን ነዋ። ጥሬ ዕቃው ስንት ገባ፣ በሥራ ላይ ያለው ስንት ነው፣ አንዱ ምርት ስንት ፈጀ። 2.7 ኖሮት ኮስት ላይ ኤ ያለውን፣ 3.3 ኖሮት ኮስትን እንደምንም ካለፈው አስቀድመዋለሁ።

ፈተናው ላይ ብዙ ልጅ የሚወድቅበትን ልንገራችሁ። ጥያቄው ቀላል ነው፦ «የወር ደመወዙ 12,000 ብር የሆነ ሠራተኛ በእጁ ስንት ይደርሰዋል? ጆርናሉንም ሥሩ።» አንዱ የጡረታውን 840 ብር መጀመሪያ ይቀንስና በቀረው ላይ ግብር ያሰላል። ስህተት ነው፣ ግብሩ የሚሰላው በሙሉ ደመወዙ ላይ ነው። ሌላው የድሮውን ሠንጠረዥ ሸምድዶ ይመጣና 35 ከመቶ ወስዶ 1,500 ይቀንሳል፤ 2,700 ብር ግብር ይጽፋል። ያ ሠንጠረዥ በ2017 ዓ.ም. ተሻሽሏል። አሁን 12,000 ብር የሚወድቀው 30 ከመቶው ላይ ነው። 30 ከመቶው 3,600 ነው፤ ከዚያ ላይ የሠንጠረዡ ተቀናሽ 1,350 ሲወጣ ግብሩ 2,250 ብር። የሠራተኛው ጡረታ 7 ከመቶ፣ 840 ብር። በእጁ 8,910 ብር ይገባል።

ጆርናሉ ላይ፣ ማለትም ዴቢትና ክሬዲቱ በሚመዘገብበት፣ ደግሞ ድርጅቱ ለሠራተኛው ጡረታ የሚከፍለውን 11 ከመቶ የሚረሳው ብዙ ነው። 1,320 ብር ነው። በዴቢት የደመወዝ ወጪ 12,000 እና የጡረታ ወጪ 1,320። በክሬዲት የሚከፈል ግብር 2,250፣ የሚከፈል ጡረታ 2,160 (840 እና 1,320)፣ የሚከፈል ደመወዝ 8,910። ሁለቱም ወገን 13,320 ይመጣል። ይህን ያለ ማንገራገር የሠራ ልጅ 2.3 ይኑረው 3.9፣ ለቃለ መጠይቅ እጠራዋለሁ። ሁለተኛው ጥያቄዬ የባንክ ማስታረቅ ነው፤ የኛን መዝገብና የባንኩን መግለጫ ማገጣጠም። የተጻፈ ግን ባንክ ያልደረሰ ቼክ ከየትኛው ወገን እንደሚቀነስ እወቁ፣ ይበቃችኋል።

ግሬዳችሁ ዝቅ ያለ ከሆነ ባንክ ባንክ እያላችሁ ዓመት አትፍጁ። ደሴ ላይ ለነጋዴ ሒሳብ የሚሠሩ ቢሮዎች አሉ። ከሐምሌ እስከ ጥቅምት ግብር ማስታወቂያ ነው፣ ቀና ብለው ሰው የሚያዩበት ጊዜ የላቸውም። ሰኔ ላይ ሂዱና «ደረሰኝ ልለይላችሁ» በሉ። ክፍያው የታክሲና የምሳ ሊሆን ይችላል። ግን አራት ወር ሙሉ የግዢና የሽያጭ ደረሰኝ የለየ፣ የቫት ማሳወቂያ የሞላ፣ ዊዝሆልዲንግ (ከክፍያ ላይ ቀድሞ የሚያዝ ግብር) የተቀነሰበትንና ያልተቀነሰበትን የተከታተለ ልጅ ጥቅምት ላይ ሌላ ሰው ሆኖ ይወጣል። ሲቪው ላይ የሚጽፈው ነገርም አገኘ። ሌላው መንገድ ንብረት ክፍል ነው። ዲግሪ ይዤ ስቶር ውስጥ እገባለሁ ወይ አትበሉ። ሞዴል 19 (የዕቃ ገቢ ደረሰኝ) እና ሞዴል 22 (የዕቃ ወጪ ደረሰኝ) በእጁ ያለፈ ሰው የስቶክ ሒሳብ ሲነገረው ቶሎ ይገባዋል፣ ከንብረት ክፍል ወደ እኛ የተሻገሩ አሉ። ገንዘብ ያዥነትም አለ፣ እሱ ግን ዋስ ይጠይቃል። ዋሳችሁን ከወዲሁ አነጋግሩ።

ፒችትሪ የሚባለውን የሒሳብ ሶፍትዌር ተምሬያለሁ ብሎ ሰርተፍኬት የሚያቀርብ ብዙ ነው። ኮምፒውተር ፊት አስቀምጬ «አዲስ ድርጅት ክፈትልኝ» ስለው ግማሹ ይፈዛል። ሰርተፍኬቱ ይቅርባችሁ፣ አንድ ልብ ወለድ ሱቅ ከፍታችሁ የአንድ ወር ሒሳብ ዝጉበት። ኤክሴል ላይ ቪሉክአፕና ፒቮት ቴብል ከቻላችሁ ጥሩ ነው።

ሲቪ ላይ ግሬድ ልደብቅ ወይ ለምትሉ፣ አትደብቁ። ስቱደንት ኮፒ (የውጤት ዝርዝር) እንጠይቃለን፣ መታየቱ አይቀርም። የሒሳብ ኮርሶቻችሁ አማካይ ከድምሩ የተሻለ ከሆነ ሁለቱንም ጻፉ፣ የትኛው የቱ እንደሆነ ለይታችሁ። ቃለ መጠይቅ ላይ ስለ ውጤታችሁ ስትጠየቁ ደግሞ «መምህሩ ጥምድ አድርጎኝ ነው» አትበሉ። እውነት ቢሆን እንኳ አትበሉ። በአጭሩ መልሱና ወደምትችሉት ነገር እለፉ።

ዘመድስ? አለ፣ አልዋሽም። ግን ወር መዝጊያ ላይ ሒሳቡ አልገጥም ሲል ዘመድ አያስታርቀውም፤ በዘመድ የገባውም የሙከራ ጊዜው ላይ ይታወቃል።

ሁለት ሦስት ዓመት ከሠራችሁ በኋላ ስለ ግሬድ የሚጠይቃችሁ ይቀንሳል። ማስተርስ ስታመለክቱ ይነሳል። ከዚያ ውጪ ጥያቄው «የት ሠራህ? ኦዲት አስደርገህ ታውቃለህ?» ይሆናል።

ማስታወቂያ አሁንም የፋብሪካ በር ላይ ይለጠፋል፣ ቴሌግራም ብቻ አትጠብቁ። ቀኑ አጭር ስለሆነ ኦሪጅናልና ኮፒ አዘጋጅታችሁ ተቀመጡ። ከደሴ የምትመጡ በጊዜ ሚኒባስ ያዙ፣ ጃኬታችሁን ግን ኮምቦልቻ ስትደርሱ ማውለቃችሁ አይቀርም። ለፈተና ስትጠሩ ካልኩሌተር ያዙ። በስልክ ማስላት አንፈቅድም፣ ከጎናችሁ ያለው ተፈታኝም አያውሳችሁም።