የተጎዳ ጣትን በራስ እጅ ማከም፦ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ኳስ የጣት ጫፍን ቀጥ አድርጎ ሲመታ ወይም ሲወድቁ መሬቱን በመዳፍ ሲቀበሉት የመጀመሪያው ደቂቃ እጅን በማራገፍ ያልቃል። ስህተቱ የሚጀምረው ከዚያ በኋላ፣ ሕመሙ በረድ ሲልና «እኔው አስረዋለሁ» ሲባል ነው። ቁርጭምጭሚት ቢሆን ለማሰር ሁለት ደህና እጅ አለ። እጅ ሲጎዳ ግን ታካሚውም አካሚውም ያው አንድ ሰው ነው፤ ያውም በአንድ እጁ የቀረ። ቀኝ ከተጎዳ ሥራው ባልለመደው ግራ እጅ ላይ ይወድቃል። ፋሻው ይጠማዘዛል፣ ፕላስተሩ በጥርስ ይቀደዳል፣ መታየት የነበረበት ነገርም ሳይታይ ይጠቀለላል።

አብዛኛው ቀላል የጣት ጉዳት ቤት ውስጥ የሚድን ነው። ቀላል መሆኑ የሚታወቀው ግን ከመታሰሩ በፊት ነው፤ ከታሰረ በኋላማ ሁሉም ጣት አንድ ይመስላል።

ቀለበትን መርሳት

በረዶ ከመፈለግም፣ ቅባት ከማውጣትም በፊት ቀለበት ይወልቃል። የተመታ ጣት ሲያብጥ ጊዜ አይሰጥም፤ ትንሽ ቆይቶ ቀለበቱ ማነቂያ ይሆናል። የተመታው ሌላኛው ጣት ቢሆንም እብጠቱ ስለሚዛመት በዚያ እጅ ላይ ያለውን ሁሉ ማውለቅ ነው። ካስቸገረ እጅን ለጥቂት ደቂቃ ከራስ በላይ ከፍ አድርጎ መያዝ፣ ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ መንከር፣ ከዚያ በሳሙና ወይም በቅባት አሙልጮ እያሽከረከሩ መግፋት። ዝም ብሎ መጎተት ቆዳውን መገጣጠሚያው ላይ ያከማቸውና ይብሱን ይቆልፈዋል።

የክር ዘዴም አለ። የቀጭን ክር አንዱን ጫፍ በቀለበቱ ሥር ወደ መዳፍ በኩል ያሾልኩና የቀረውን ከቀለበቱ ጥግ ጀምሮ የመሃሉን መገጣጠሚያ እስኪያልፍ ጠበቅ አድርገው ይጠመጥሙታል። ከዚያ በመዳፍ በኩል የቀረውን ጫፍ ወደ ጣቱ ጫፍ አቅጣጫ እየሳቡ ሲፈቱት ክሩ ቀለበቱን እየገፋ ያወጣዋል። ለዚህ ሁለት ደህና እጅ ስለሚያስፈልግ ሰው ይጥሩ። ጣቱ ከቆሰለ ወይም የተሰበረ ከመሰለ ደግሞ አይሞከርም። ከገረጣ፣ ከጠቆረ ወይም ከደነዘዘ ሳይዘገይ ሐኪም ቤት ሄዶ ቀለበቱን ማስቆረጥ ነው። ወርቅ ተመልሶ ይበየዳል።

የእግር ኳስ ሕግ አንቀጽ 4 ተጫዋች ማንኛውንም ጌጥ እንዳያደርግ የሚከለክለው፣ በፕላስተር መሸፈንንም የማይቀበለው በከንቱ አይደለም።

ጣትን ስቦ ማቅናት

«ከቦታው ወጥቷል፣ ሳብ አድርገው» የሚል ሰው ከየትኛውም ሜዳ ዳር አይጠፋም። ሲሳብ «ቋ» ካለ ደግሞ ሁሉም ተመልሶ ገባ ብሎ ያምናል። ጣት ሲሳብ የሚሰማው ድምፅ ብዙ ጊዜ በመገጣጠሚያው ፈሳሽ ውስጥ ከሚፈጠር የጋዝ አረፋ የሚመጣ ነው፤ ጤነኛ ጣትም ይጮኻል። ወለምታ ከሆነ የተሳበው በከፊል የተቀደደ ጅማት ነው። ስንጥቅ ከሆነ በቦታው የነበረው አጥንት ሊናጋ ይችላል። እውነተኛ ውልቃት ቢሆን እንኳ የተቀደደ ጅማት በሁለቱ አጥንቶች መካከል ገብቶ የሚቀረቀርበት ጊዜ ስላለ፣ ጉልበት በጨመሩ ቁጥር ይብስበታል።

በቴሌቪዥን ጣቱን አስመልሶ ወደ ጨዋታ የሚገባው ተጫዋች ከጎኑ ሐኪም አለው፤ ከጨዋታው በኋላም ራጅ ይነሳል። የእርስዎ ጣት ወደ ጎን ከዞረ ወይም ቅርጹን ከሳተ እንዳለ ደገፍ አድርገው ሐኪም ዘንድ ይሂዱ።

«ካንቀሳቀስኩት አልተሰበረም» ማለት

በእኔ አስተያየት ከሁሉም የከፋው ይህ ነው፤ ምክንያቱም ሰውየውን ያረጋጋዋል። የተሰበረ ጣት ይንቀሳቀሳል። ጣትን የሚያንቀሳቅሱት ጡንቻዎች ክንድ ላይ ጭምር ስለሆኑ፣ ጅማታቸው እስካልተበጠሰ ድረስ የተሰነጠቀውን አጥንት ይዘውት ይታጠፋሉ። በአንጻሩ አጥንቱ ደህና ሆኖ ጅማቱ የተበጠሰ ጣት ብዙም ላያም ይችላል። ስለዚህ መጠየቅ ያለበት የቱ መገጣጠሚያ፣ ወደ የት አልታዘዝ አለ የሚለው ነው። ፋሻው ከመውጣቱ በፊት እነዚህን ማየት ሁለት ደቂቃ አይፈጅም።

የጣቱን ጫፍ ይመልከቱ። የመሃሉን መገጣጠሚያ በሌላው እጅ ቀጥ አድርገው ይያዙና ጫፉን ብቻ ለማቅናት ይሞክሩ። ጫፉ እንደተንጠለጠለ ከቀረ፣ በሌላ እጅ ሲያነሱት ተነስቶ ሲለቁት ተመልሶ ከወደቀ፣ የሚያቀናው ጅማት ተበጥሷል ወይም አጥንት ገንጥሎ ወጥቷል። በመረብ ኳስና በቅርጫት ኳስ የተለመደ ነው። ሕክምናው ብዙ ጊዜ ያለ ቀዶ ጥገና ነው፤ ነገር ግን ትዕግሥት ይፈልጋል። ጫፉ ከ6 እስከ 8 ሳምንት ቀንም ሌሊትም በድጋፍ ቀጥ ብሎ ይቆያል። ድጋፉን ለማጠብ አውልቀው ጫፉ አንድ ጊዜ ከታጠፈ ቆጠራው እንደገና ከአንድ ይጀምራል። ሲያጥቡት ጣቱን ጠረጴዛ ላይ ዘርግቶ ማስተኛት የሚመከረው ለዚህ ነው።

ተቃራኒውም አለ፦ ጫፉ አልታጠፍ ማለት። የሸሸ ተጫዋችን ማሊያ ጨብጠው ሲመነጨቅ በአብዛኛው የቀለበት ጣት ላይ የሚደርስ ጉዳት ነው። እንደ በፊቱ የመሃሉን መገጣጠሚያ ቀጥ አድርገው ይያዙና ጫፉን ብቻ ይጠፉት። ካልታዘዘ አጣፊው ጅማት ከአጥንቱ ተነቅሏል፤ ወደ መዳፍ የሚሸሸበትም ጊዜ አለ። ይህን በረዶም ፋሻም አይመልሰውም፤ ቀዶ ጥገና ይፈልጋል፤ በ7 እስከ 10 ቀን ውስጥ ቢሆን ይመረጣል። «እብጠቱ ይውረድና አየዋለሁ» እያሉ ሁለት ሳምንት ያሳለፉ ሰዎች የሚያጡት ይህን ዕድል ነው።

ቀጥሎ ጣቶችዎን ግማሽ ጨብጠው ጥፍሮቹን ይመልከቱና ከሌላው እጅ ጋር ያስተያዩ። አንዱ ጣት ባልንጀራው ላይ ከወጣ ወይም ጥፍሩ ሌላ አቅጣጫ ካየ አጥንቱ ተሰብሮ ዞሯል። ከረጢት በቡጢ ሲመቱ በትንሿ ጣት በኩል ያለው የመዳፍ አጥንት እንዲህ ይሆናል። ጣቱ ተዘርግቶ ሳለ ይህ ላይታይ ስለሚችል መጨበጡ ግድ ነው። አውራ ጣት ወደ ውጭ ተለጥጦ ከተጎዳ፣ እንደ ግብ ጠባቂዎች፣ ቁልፍ በአውራና በሌባ ጣት ቆንጥጠው ያዙሩ። አቅም ካጣ የውስጥ ጎኑ ጅማት መቀደዱን ይጠርጥሩ።

በመጨረሻ የእጅ አንጓ። በመዳፍ ከወደቁ አውራ ጣትዎን ወደ ላይ ቀና ሲያደርጉ ሥሩ ላይ በሁለት ጅማት መካከል ትንሽ ጎድጓዳ ቦታ ይወጣል። እዚያ ሲጫኑት ካመመ «ወለምታ ነው» ብለው አይተዉት። ከሥሩ ያለችው ትንሽ አጥንት ስካፎይድ ትባላለች። ደም በአብዛኛው የሚገባላት በጣት በኩል ካለው ጫፏ ስለሆነ ስትሰበር ወደ ክንድ የቀረበው ክፍሏ ደም ሊያጣና ሳይገጥም ሊቀር ይችላል። ስብራቷ በመጀመሪያው ራጅ ላይ ሳይታይ የሚያልፍበት ጊዜ ብዙ ነው፤ ለዚህም ሐኪሞች እጁን አስረው ከ10 እስከ 14 ቀን በኋላ ራጁን ይደግማሉ። «ራጅ ተነሳሁ፣ ምንም የለም» ማለት ሕመሙ እዚያው እስካለ ድረስ የመጨረሻ ቃል አይደለም።

በረዶውን ቆዳ ላይ ማሳረፍ፣ ወይም በተቃራኒው ማሸት

ጣት ላይ ሥጋም ስብም ትንሽ ነው። ጭን ላይ የሚቻለው በረዶ እዚህ ቆዳን ያቃጥላል። በጨርቅ ተጠቅልሎ ከ10 እስከ 15 ደቂቃ ይበቃል፤ ከዚያ እረፍት፣ ካስፈለገ ከአንድ ሁለት ሰዓት በኋላ እንደገና። በረዶ ይዞ መተኛት አደገኛ ነው፤ የደነዘዘ ጣት መጎዳቱን አይናገርም።

ደግሞም በረዶን መድኃኒት አድርጎ ማየት ተገቢ አይደለም። እረፍት፣ በረዶ፣ ማሰርና ከፍ ማድረግ የሚለውን ምክር እ.ኤ.አ. በ1978 ያስተዋወቁት አሜሪካዊው ሐኪም ጌብ ሚርኪን ራሳቸው ከብዙ ዓመታት በኋላ በረዶና ሙሉ እረፍት ፈውሱን ሊያዘገዩ ይችላሉ ብለው ሐሳባቸውን ቀይረዋል። ሕመም ለማስታገስ ይጠቀሙበት፤ ከዚያ በላይ አይጠብቁ።

በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሦስት ቀናት ትኩስ ነገር ማድረግና አጥብቆ ማሸት እብጠቱን ያባብሳል። ይልቅ ቀላሉን ነገር የሚያደርገው ሰው ጥቂት ነው፦ እጅን ከልብ በላይ ከፍ ማድረግ። እጃቸውን እያወዛወዙ ወደ ቤት የሚሄዱ ሰዎች ሲደርሱ ጣታቸው በእጥፍ አብጦ ያገኙታል።

በአንድ እጅ አጥብቆ መጠምጠም

ብቻውን የሚያስር ሰው ፕላስተሩ እንዳይላቀቅ ሲል በጥርሱ ነክሶ ይስበዋል። በዚያ መሳብ የሚመጣው ጥብቀት ወዲያው አይታወቅም፤ ጣቱ ግማሽ ሰዓት ቆይቶ ሲያብጥ ነው ማነቅ የሚጀምረው። መፍትሔው ዝግጅት ነው። ፕላስተሩን አስቀድመው ቆራርጠው የጠረጴዛ ጠርዝ ላይ ይለጥፉና አንድ በአንድ ሳይስቡ ያሳርፉ።

ቀላል ወለምታን ከደህናው ጎረቤት ጣት ጋር ማሰር ጥሩ ዘዴ ነው፤ ትንሿን ጣት ከቀለበት ጣት ጋር፣ ሌባ ጣትን ከመሃል ጣት ጋር። ሁለት ነገር ይረሳል። አንደኛ፣ በጣቶቹ መካከል ስስ ጎዝ ካልገባ ላብ ቆዳውን ይልጠዋል። ሁለተኛ፣ ፕላስተሩ የሚያርፈው በመገጣጠሚያዎቹ መካከል እንጂ በላያቸው አይደለም፤ ጣቶቹ አብረው እየታጠፉ መንቀሳቀስ አለባቸው። ሲጨርሱ ጥፍሩን ተጭነው ይልቀቁ። የነጣው በ2 ሰከንድ ያህል ወደ ቀይነቱ ካልተመለሰ ይፍቱት። ከግማሽ ሰዓት በኋላም ከመተኛትዎ በፊትም ይድገሙት። ጫፉ ለወደቀው ጣት ግን ይህ ዘዴ አይሠራም፤ ጫፉን ቀጥ አድርጎ አይዝለትም።

ቁስሉን በአልኮል ማጠብ

ማቃጠሉ ማጽዳቱን አያሳይም። አልኮልም ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድም ክፍት ቁስል ውስጥ ሲገቡ ሊድን የጀመረውን ሥጋ ይጎዳሉ። ንጹሕ የሚወርድ ውሃ ለጥቂት ደቂቃ፣ በዙሪያው ሳሙና፣ ከዚያ መሸፈን በቂ ነው። አፈር የገባበት ቁስል ከሆነና ከመጨረሻው የቴታነስ ክትባት 5 ዓመት ካለፈ ክትባቱን ማደስ ያስፈልጋል።

ባር ላይ ሲንጠለጠሉ ለተገነጠለ የደደረ ቆዳ የተንጠለጠለውን ብቻ በንጹሕ መቀስ ማንሳት እንጂ እስከ ጤነኛው መላጥ አይገባም። ውሃ የቋጠረውን አያፍርጡት። ጥፍር ሥር ለቋጠረ ደም መርፌ አግሎ መብሳት ብዙ ሰው ይሞክራል፤ ከሥሩ አጥንቱ ተሰንጥቆ ከሆነ ግን ቀዳዳው ለጀርም በር ይከፍታል። ሐኪም ይሥራው። በቡጢ ላይ በሰው ጥርስ የተነሳ ቁስል ደግሞ የቱንም ያህል ትንሽ ቢሆን በዚያው ቀን መታየት አለበት። ጥርሱ እስከ መገጣጠሚያው ድረስ ገብቶ ሊሆን ይችላል፤ ጣቱ ሲዘረጋ ቀዳዳው ስለሚሸፈን ከውጭ ጭረት ብቻ ይመስላል።

ማስታገሻ ውጦ መመለስ

አጭር ነው፦ ክኒኑ ሕመሙን እንጂ ጉዳቱን አይወስድም። ለጨዋታ ሲሉ ማስታገሻ የሚወስዱ ከሆነ ጣቱ ለጨዋታ አልደረሰም። ኢቡፕሮፌንና ዲክሎፌናክ ደግሞ አንድ ወገን ስለሆኑ አብረው አይወሰዱም፤ የጨጓራ ቁስለት ወይም የኩላሊት ችግር ያለበት ሰው ሐኪም ሳይጠይቅ አይነካቸውም።

ከልክ በላይ ማሳረፍ

ጠንቃቃ ሰዎች የሚሠሩት ስህተት ይህ ነው። ስብራትም የጅማት መበጠስም የሌለበትን ጣት «እስኪድን» ብለው ወር ሙሉ ግትር አድርገው ያስሩታል፤ ሲፈታ ሕመሙ ሄዶ ጣቱ አልታጠፍ ይላል። የጣት መገጣጠሚያ፣ በተለይ የመሃሉ፣ ቶሎ ይደርቃል። ቀላል ወለምታ ከጥቂት ቀናት በኋላ በቀን ደጋግሞ፣ ሕመም እስከፈቀደ ድረስ፣ በዝግታ መታጠፍና መዘርጋት አለበት። ከሦስተኛው ቀን በኋላ ለብ ያለ ውሃ ውስጥ ነክሮ መሥራት ያቀለዋል።

እየታጠፈ ሳለ የመሃሉን መገጣጠሚያ መዘርጋት ይከታተሉ። እሱን የሚያቀናው ጅማት ሲቀደድ በመጀመሪያው ቀን ደህና መስሎ ቆይቶ፣ በአንድ ሁለት ሳምንት ውስጥ መሃሉ እየታጠፈ ጫፉ ወደ ኋላ እየተቀለበሰ የሚሄድበት ጊዜ አለ። ይህን ሲያዩ መገጣጠሚያው ሳይደርቅ ይታዩ። መገጣጠሚያው ወፈር ብሎ መቅረቱ ግን ብቻውን አያስደንግጥዎ፤ እንቅስቃሴው ከተመለሰ በኋላም ለወራት ሊቆይ ይችላል።